ለዱዓ የተዘረጉ እጆች

የሰፈሩ ሰው ሁሉ ወደ ቀበሌው አዳራሽ ሲወርድ ሸህ ኑርዬ ብቻቸውን ሽቅብ ይመጣሉ። ኢቲሳም ከአርዲቦ ሐይቅ ዳርቻ ቁልቁል ስትወርድ ጠባቡ መንገድ ላይ ፊት ለፊት ተገጣጠሙ። ጠዋት በሐይቅ ከተማ በኩል ተኩስ ስለተሰማ ባጃጅ አልነበረም።

“አሰላሙ አለይኩም ሸሁ። ስብሰባው እኮ ወዲያ ነው።”

“ወአለይኩም ሰላም። መንገዱንስ ከአንቺ በፊት አውቀዋለሁ ልጄ። አልሄድም እንጂ አልጠፋብኝም።”

ኢቲሳም በአስተዳደር ትምህርት ከተመረቀች ሁለት ዓመቷ ነው። ሥራ አላገኘችም፤ ትዕግሥት ደግሞ ድሮም አልነበራትም። የዛሬው ስብሰባ በጤና ኬላው ጉዳይ የሕዝብ አስተያየት የሚሰማበት የመጨረሻው ነው። ጤና ኬላው በጦርነቱ ጊዜ አልጋው ሳይቀር ተዘርፏል። አሁን ማደሻ ገንዘብ ቢገኝ፣ በእግር ሁለት ሰዓት ወደሚያስኬደው አስፋልት ዳር ይዛወር ተባለ።

ሸሁ የሚሸሹበትን ምክንያት አገር ያውቃል። ባለፈው ወር ስብሰባ ላይ የቀበሌው ሊቀመንበር “ዝውውሩን የምትደግፉ…” ብሎ ሳይጨርስ ከማዶ ተኩስ ተሰማ። ሰው ሊበተን ሲል ሸሁ “ረጋ በሉ፣ ዱዓ እናድርግ” ብለው እጃቸውን ዘረጉ። እንደ ወሎ ወግ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አብሯቸው ዘረጋ። ጸሐፊው ያን ሁሉ እጅ ቆጥሮ “ሐሳቡ በመቶ አርባ ሦስት ድጋፍ አልፏል” ሲል ጻፈ።

“አላህን በለመንኩበት እጅ ጤና ኬላ አስነቀልኩ” አሉ ሸሁ። “ከእንግዲህ ስብሰባ በእኔ ላይ ሐራም ይሁን።”

ኢቲሳም ሳቋን ዋጠች። “የተሳሳተው ጸሐፊው ነው። ሄደው ለምን አይነግሩትም? ዴሞክራሲ ማለት እኮ የሕዝብ ተሳትፎ…”

“ቆይ ቆይ! ይሄ ዴሞክራሲሽ ተኩስ ሲሰማ የት ነው የሚደበቀው?”

ሸሁ በትራቸውን መሬት ላይ ተከሉ።

“በደርግ ጊዜ አንድ ጎረቤቴ በስብሰባ መሃል ‘ጥያቄ አለኝ’ አለ። ጥያቄውን እንደያዘ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ‘በነጻነት ተናገሩ’ ያለን ሁሉ፣ ስማችንን እየጻፈ ነው ያለን። ዝም አይነቅዝም ልጄ።”

የሸሁ ፍርሃት የሽማግሌ ግትርነት አልነበረም። በዚያ ሰሞን ቀን የተናገሩት ቃል ማን ጆሮ እንደሚደርስ የሚያውቅ የለም። ኢቲሳምም ይህን ታውቃለች፤ ግን ማወቋ አናደዳት።

“ዙለይሃ እንዴት አደረች?” አለች በድንገት።

ሸሁ አንገታቸውን ደፉ። ዙለይሃ ልጃቸው ናት፤ ወሯ ገብቷል። “እግሯ አብጧል። ራሴን ትላለች፤ ዓይኗም ብዥ ይልባታል።”

“ዛሬ ምጥ ቢይዛትስ በየት ያወርዷታል?”

“አላህ ያውቃል።”

“አላህማ ያውቃል፤ የማያውቀው ቀበሌው ነው! ደግሞ ዝም ይነቅዛል ሸሁ። እርስዎ ዝም ሲሉ ወረቀቱ ‘ተቃውሞ አልቀረበም’ ይላል። ዝም አሉ ማለት እኮ ሌላው በእርስዎ አፍ ተናገረ ማለት ነው።”

“ብቻዬን ብናገር ነገ ስሜ ለየትኛው ታጣቂ እንደሚደርስ ታውቂያለሽ?”

“አላውቅም” አለች ኢቲሳም።

ሸሁ ቀና ብለው አዩዋት። “አጃኢብ! ‘አላውቅም’ የሚል ምሩቅ ዛሬ አየሁ።”

“ግን እርቅ ስትሄዱ አንድ ሽማግሌ ብቻ ትልካላችሁ?”

“ኧረ በረቢ! አንድ ሰው ከላክንማ ቂሙ በእሱ ላይ ያርፋል። ሰባት ስምንት ሆነን ነው የምንሄደው፤ ቃሉን እንከፋፈለዋለን።”

“ታዲያ ይህንንስ ለምን አትከፋፈሉትም?”

ሸሁ በትራቸውን ወደ ቁልቁለቱ አዞሩ። “ሂጂ ቅደሚ። ስህንን ጥሪያት፣ ማዕረግንም። ስለ ጠመንጃ አንድ ቃል የሚተነፍስ ሰው እንዳይኖር። ስለ ጤና ኬላው ብቻ።”

በአዳራሹ በር አስር ሰው ሆነው ተማከሩ፤ አራቱ ሴቶች ነበሩ። ውስጥ ገብተው ሸሁ መጀመሪያ የጠየቁት ያለፈው ቃለ ጉባኤ ጮክ ተብሎ እንዲነበብ ነበር። ጸሐፊው እያላበው አነበበ። “መቶ አርባ ሦስት ድጋፍ” ሲል አዳራሹ አጉረመረመ።

“እኔ እጄን የዘረጋሁት ለሰላም ነው” አሉ ስህን የሚባሉት ባልቴት። “ሰላሙም አልመጣ፣ ጤና ኬላውም ሄደ!”

ሰው ሳቀ። ማዕረግ የሚባለው ገበሬ የመንገዱን ርቀት ተናገረ። ሌላዋ ሴት በመንገድ የሞተ ሕፃን ስም ጠራች፤ ሳቁ ቆመ። ሸሁ የልጃቸውን እብጠት፣ የራስ ምታትና የዓይን ብዥታ ሲናገሩ፣ ከኋላ የተቀመጠችው አዋላጅ ነርስ እድላዊት ብድግ አለች።

“ዓይኗ ብዥ ይላል ነው ያሉት? መቼ ጀመራት?”

“ትናንት።”

“ይህ ለነገ የሚቆይ አይደለም። አሁኑኑ ሆስፒታል መድረስ አለባት። ቃሬዛ!”

ስብሰባው ሳይዘጋ አስራ ሁለት ጎረምሳ ዙለይሃን ሊያመጣ ሽቅብ ወጣ። ሊቀመንበሩ የቀድሞው ቆጠራ መሰረዙን፣ ተቃውሞውም ለወረዳው እንደሚላክ አስጻፈ፤ ውሳኔው ግን የእሱ እንዳልሆነ ተናገረ። እስከዚያው እድላዊት በሳምንት ሁለት ቀን ወደ ላይኛው ሰፈር እንድትወጣ ተስማሙ። ሸሁ ቀኖቹ በስም ካልተጻፉ አልወጣም አሉ፤ ሰኞና ሐሙስ ተብሎ ተጻፈ።

“ቤቴ ገብቼ ቢሆን ኖሮ” አሉ ለኢቲሳም፣ “የልጄን ሕመም ለግድግዳ ነበር የምነግረው። እዚህ ብናገረው የሚያውቅ ሰማው፣ ጉልበት ያለው ተሸከመው፣ የተጻፈውም ውሸት ተሰረዘ። ፍርሃቴ አልለቀቀኝም፤ ግን አሁን የአስር ሰው ሆኗል፤ ለአስር ሲካፈል ይቀላል።”

ኢቲሳም ወረዳው እሺ ይበል አይበል አታውቅም። ከማዶ ተኩሱ እንደገና ጀምሮ ነበር።

ዙለይሃን የያዘው ቃሬዛ ከላይ ወርዶ በአዳራሹ በር ሲያልፍ ሸሁ ወደ ጸሐፊው ዞር አሉ።

“ሰዓቱን ጻፍ” አሉት። “አስፋልቱ ስንደርስ ስንት እንደፈጀ ስመለስ እነግርሃለሁ። ያንንም ትጽፈዋለህ።”