እማዬና የተራበው እባብ

እዚህ አትላንታ ባለቤቶቻቸው የጣሏቸውን እባቦች እየሰበሰብኩ ሬስኪው ማድረግ ከጀመርኩ ቅርብ ጊዜዬ ነው። ባለፈው እዚሁ አቅራቢያ ስማይርና ውስጥ ተከራዮቹ ለቀው በወጡበት አፓርትመንት የተገኘ አንድ እባብ አምጥቼ ቤዝመንት አስገባሁት። አጥንቱ ይቆጠራል፤ ቆዳው በላዩ ላይ ደርቋል። እማዬ እንደሆነች «የሰይጣን ማደሪያ ቤቴ አስገባሽብኝ» ብላ ደረጃውን መውረድ ትታለች። እኔ ግን አንጀቴን በላውና ለእባብ ምግብ ገዝቼ ካስቀመጥኳቸው በረዶ የሆኑ አይጦች ትልቁን ከፍሪዘር አውጥቼ እንዲቀልጥ ሙቅ ውሃ ውስጥ ነከርኩት።

ዞር ስል እማዬ ደረጃው ስር ቆማለች። አማተበች። ዓይኗን ግን ከእባቡ ላይ አላነሳችም።

«ይሄን ሁሉ ልትሰጪው ነው?»

«ተርቧል እኮ እማዬ! ይጥገብ እንጂ።»

«ለተራበ እንዲህ አይሰጥም። ተርበን ሱዳን ስደተኛ ካምፕ የደረስን ቀን ታናሽ ወንድሜን እስኪጠግብ አበላሁት። ሳይነጋ ሞተብኝ።»

ወንድም እንደነበራት አላውቅም ነበር። ስሙን ልጠይቃት ስል ፍሪዘሩን ከፈተችና አንዲት ትንሽ አይጥ በሶፍት ይዛ አቀበለችኝ።

እባቡ በላ። እማዬ ግን ያን ቀን እህል አልቀመሰችም።