አምስት ጥይት ለአንድ ቀዳዳ

ሲያትል የገዛኋት የኢላማ ጠመንጃ ከፋብሪካ እንደወጣች፣ ማንም ሳይነካካት፣ ጥይት በጥይት ላይ ትደርብ ነበር። አማቴን አባባ ከበደን ካላሳየሁ ብዬ ከሚኖሩበት ከሾርላይን በመኪናዬ ፒክአፕ አድርጌያቸው ተኩስ መለማመጃ ሄድን። አምስት ተኩሼ የኢላማውን ወረቀት አመጣሁላቸው፤ መሃሉ ላይ አንድ ቀዳዳ ብቻ።

«አይዞህ ልጄ፣ አንዱ ገብቶልሃል» አሉኝ አዝነው።

«ኧረ አባባ፣ አምስቱም በዚያችው ነው የገቡት!»

ወረቀቱን ትኩር ብለው አዩና ተቆጡ። «ታዲያ አንዱ ከገባ አራቱን ለምን አባከንካቸው?»

ኦኬ፣ እስቲ እርስዎ ይሞክሩ ብዬ አምስት አጉርሼ ሰጠኋቸው። አንዴ ተኮሱ፤ መሃሉን አገኙት። የቀሩትን አንድ በአንድ አውጥተው መዳፌ ላይ አስቀመጡና «ለክፉ ቀን» አሉኝ።

እነዚያን አራት ጥይቶች እስከ ዛሬ አልተኮስኩም፤ እሳቸው ያረፉ ዕለት እንኳ።