ሳይዘጉ መሻገር

መንበሩ ከፈተና ተመልሶ፣ ወደ ቤት መግባቱ ከብዶት፣ በቂርያት ጋት ከተማ ባቡር ጣቢያ ወንበር ላይ ኩምትር ብሎ ተቀምጦ ሳለ የጎረቤቱ ልጅ ሜይታል ከባቡር ስትወርድ አየችው። ሜይታል የኮምፒውተር ፕሮግራም ትጽፋለች፤ እሱም ፋብሪካው ካሰናበተው ወዲህ፣ በስተርጅና፣ ያንኑ ሙያ ሲማር ከርሟል።

«ጋሼ መንበሩ፣ ሚቭሃኑ፣ ፈተናው፣ እንዴት ሆነልዎት?»

«ወደቅሁ፣ ልጄ። ሰዓቱ አለቀብኝ። ሁለተኛዬ ነው፤ ከእንግዲህ አይፈትኑኝም። ይህ ጭንቅላት አርጅቷል።»

«እስቲ አንቱ እንደ ሠሩት አድርገው ያሳዩኝ።»

ኮምፒውተሩን ጭኑ ላይ አድርጎ አንዱን ፋይል ከፈተ፤ ስህተቱን አነበበና ዘጋው። ስህተቱን የሚያርምበትን ሌላ ፋይል ፈልጎ ሲከፍት ያነበበውን ረሳ። ያንንም ዘግቶ ወደ ፊተኛው ተመለሰ።

«ለምን ይዘጉታል?»

«ከፍቶ መሄድ ምን የሚሉት ነው? በሚፍዓል፣ በዚያ ፋብሪካ፣ ማሽን ሳላጠፋ ወደ ሌላ ማሽን ዞሬ አላውቅም። አንዱ ከፍቶ ሄዶ የሰው ጣት ተቆርጧል።»

«ለማሽን ልክ ነዎት። ይኼ ግን ተከፍቶ ቢቆይ ማንንም አይጎዳም፤ ያሉበትን መስመር ይዞ ይጠብቅዎታል። ኮንትሮል የሚለውን ቁልፍ ይያዙና ታብን ይንኩ፤ ከአንዱ ፋይል ወደ ሌላው ያሻግርዎታል።»

«ጥንቃቄን ያህል ነገር ተው ትይኛለሽ?»

«የሠሩትን ማስቀመጥ አይተዉ፤ ጥንቃቄው እሱ ነው። መዝጋቱን ብቻ ይተዉት።»

መንበሩ ክርክር በቀላሉ የሚለቅ ሰው አይደለም፤ ጣቱ ግን ከአፉ ቀድሞ ታዘዘ። ከስህተቱ ወደ መፍትሔው፣ ከመፍትሔው ወደ ስህተቱ ተመላለሰ። ጠዋት ያቃተውን ጥያቄ ቀጣዩ ባቡር ሳይመጣ ጨረሰው። አንድ ደንብ ለምን እንደ ወጣ ሳንጠይቅ ወደ አዲስ ሥራ ይዘነው ስንገባ እንዲህ ያስከፍለናል። መንበሩ መጠየቅስ ይችል ነበር፤ ልጆቹ ከሚሆኑ ተማሪዎች መሀል እጁን ለማውጣት አፍሮ ነው።

ሜይታል ደስ አላት። እሱ ግን ፊቱን በእጁ ሸፈነ።

«አለመቻሌን አምኜ ነበር የተቀመጥሁት። እሱ ይሻለኝ ነበር፤ ለካ እችል ኖሯል።»



ጥቂት ቆይቶ ለአያለች ደወለ። አያለች በፋብሪካ አጠገቡ ትቆም የነበረች፣ ትምህርቱንም አብራው የጀመረች ሴት ናት፤ ፈተናዋ ነገ ነው።

«ፋይል እየዘጋሽ ነው የምትሠሪ?»

«ታዲያስ፣ እንደ ደንባችን።»

«ተይው። ሰዓት ይተርፍሻል፤ ያነበብሽውም አይጠፋሽም። ኮንትሮልና ታብ። አሁኑኑ ሞክሪው፣ እጠብቅሻለሁ።»

ስትሞክር ቆየችና ሳቀች። «እንዲህ ቀላል ኖሯል? አንተማ በዚህ አልፈሃላ።»

«እኔን ተይኝ» አለ መንበሩ። «አንድ ጊዜ ድገሚው።»