አለቃ ፋኖስና የባዚቃው ብልቃጥ

ጢሙን እየተላጨ ያለ ሰው "ዳኛ ሁን" ቢባል ምን ይመልሳል? ግማሽ ፊቱ አረፋ፣ ጉሮሮው ላይ ምላጭ፤ እሺ ከማለት ሌላ ምን አማራጭ አለው! እኔን አንድ ቅዳሜ ጠዋት የገጠመኝ ይኸው ነው። ሠላሳ ዓመት ጂኦግራፊ ያስተማርኩ ሰው ስለሆንኩ ክርክር አልጠላም። ሆኖም እየፈረድኩ እንዳልቆረጥ መፍራቴን አልደብቅም።

የጸጉር ቆራጩ ቤት ከመንገድ መብራት ሠራተኞች ግምጃ ቤት ጋር በአጥር ይዋሰናል። ከጎኔ ተቀምጠው ተራ የሚጠብቁት የሠራተኞቹ አለቃ ነበሩ፤ ሰፈሩ ሁሉ "አለቃ ፋኖስ" ይላቸዋል። አርባ ዓመት መሰላል ሲወጡና ሲወርዱ ኖረው በሚመጣው ዓርብ ጡረታ ሊወጡ ነው። አሮጌውን የመንገድ መብራት በአዲሱ ቆጣቢ አምፖል የመለወጡና አዲስ ምሰሶ የመትከሉ ሥራ አልቆ የቀረው አንድ መንገድ ብቻ ነበር፤ እሱም የራሳቸው ቤት ያለበት መንገድ ነው። "በገዛ እጄ ካላበራሁት ጡረታዬ አይጥመኝም" ሲሉ ያልሰማ ሰው የለም።

ምላጩ አገጬ ላይ ሲደርስ አንዲት ወጣት ገባች። የአለቃ የወንድም ልጅ ናት። ትምህርቷን ጨርሳ፣ መብራቱ ሲለወጥ ሰውና አካባቢ እንዳይጎዱ እንድትቆጣጠር ተቀጥራለች። ሠራተኞቹ "ወይዘሪት ቆይ" የሚሏት ሥራ ቦታ ስትደርስ ከሰላምታ ቀጥሎ የምትናገረው ቃል እሱ ስለሆነ ነው።

"አጎቴ፣ ቤት ሄጄ አጣሁዎት" አለች ራሷን ዝቅ አድርጋ። "ሥራውን ትናንት ለምን እንዳስቆምኩት በአፌ ልንገርዎት ብዬ ነው። በወረቀት ብቻ መስማትዎ አላማረኝም።"

"ለአምስት ቀን ሥራ! አምስት ቀን ሲቀረኝ!" አሉና ወደ እኔ ዞሩ። "መምህር፣ እስቲ እርስዎ ይፍረዱ። ብርሃን ላምጣላችሁ ያለ ሰው፣ ያውም በገዛ የወንድሙ ልጅ፣ እንዲህ ይደረጋል?"

እኔም ከአረፋው ውስጥ "የሁለታችሁንም ልስማ" አልኩ።

"ይስሙ እንግዲህ። አሮጌውን አምፖል አወርዳለሁ፣ በርሜል ውስጥ እከታለሁ፣ በመዶሻ አደቀዋለሁ። ሁለት መቶ አምፖል በአንድ በርሜል! ሳይሰበር ቢጫን አምስት ጋሪ ይፈጃል። ዘዴውን ያመጣሁት እኔ ነኝ። የምስክር ወረቀት ተሰጥቶኝ ሳሎን ሰቅዬዋለሁ።"

"ማንበብ የተማርኩት በዚያ ወረቀት አይደል?" አለች ልጅቱ፤ ድምጿ ላይ ፌዝ አልነበረም። "ያኔ የሚያውቅ ስላልነበረ አጥፍተዋል አልልም። ግን በአሮጌው አምፖል ውስጥ ባዚቃ፣ ሜርኩሪ የሚሉት መርዝ፣ አለ። ሲሰበር ይተናል፤ አይታይም፣ አይሸትም። መዶሻውን የያዘው ሰው ይተነፍሰዋል። ስባሪው ሲጣል ዝናብ ጠርጎ ወንዝ ያስገባዋል፤ ከወንዙ ወደ ዓሣው፣ ከዓሣው ወደ ሰው።"

"አርባ ዓመት ተንፍሼዋለሁ፤ ይኸው አለሁ!"

"ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው፣ አጎቴ።"

እዚህ ላይ ልስቅ ስል ጸጉር ቆራጩ አገጬን ጨብጦ ያዘኝ። ሽማግሌ በተረት ሲሸነፍ ማየት ለአስተማሪ ትልቅ ደስታ ነው።

"እሺ፣ የአምፖሉ ይቆይ" አሉ አለቃ። "የምሰሶው ጉድጓድስ? 'ነዋሪው ሳይጠየቅ ምሰሶ አይተከልም' ብለሽ የጻፍሽው ምን ማለት ነው? ብርሃን የሚጠላ ማን አለ? ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው። ያንን መንገድ ከእኔ በላይ ማን ያውቀዋል?"

"የመንገድ ባለቤትማ የሚሄድበት ነው። ሄጄ ጠየቅኋቸው። አንዱ ምሰሶ የሚተከለው ጫማ ሰፊው የሚቀመጥበት ላይ ነው፤ ሁለት ክንድ ፈቀቅ ቢል ሰውየው ከነደንበኛው እዚያው ይኖራል። አንዱ ደግሞ በሽተኛ የተኛችበት መስኮት ላይ ያበራል፤ አንገቱን ወደ ታች ብናዞረው ይበቃል። ሴቶቹ ደግሞ ሁሉም አንድ ቦታ ነው የነገሩኝ። የሚፈሩት ሰፊውን መንገድ ሳይሆን ከቧንቧው ጀርባ ያለችውን መታጠፊያ ነው። ንድፉ ላይ እዚያ አንድም መብራት የለም።"

አለቃ ከወንበራቸው ቀና አሉ።

"የቧንቧዋ መታጠፊያ" አሉ። "ሟቿ ባለቤቴ እዚያ ስትደርስ ስሜን ትጣራ ነበር። ልጆቿ የሚስቁባት መስሏት 'እንዲያው ልጥራህ ብዬ ነው' ትላለች። ፈርታ ኖሯል እኮ! አርባ ዓመት ለሰው ሳበራ እሷን አንድ ቀን አልጠየቅኋትም።"

የእኔም ልብ ተነካ። ብዙ ነገር የሚበላሸው ከክፋት ሳይሆን ሰው ካለመጠየቅ ነው። ግን አለቃ በአንድ ምት የሚወድቁ ሰው አይደሉም።

"መታጠፊያዋን ልቀቅልሽ፤ ይተከልባት" አሉ። "ባዚቃውን ግን አታስፈራሪኝ። ይኸውልሽ!" ከደረት ኪሳቸው ትንሽ የመድኃኒት ብልቃጥ አወጡ። ውስጡ ብር የመሰለ ፈሳሽ አለ። "ከአምፖሉ ጠብታ በጠብታ ያጠራቀምኩት ነው። ዓርብ ዕለት ለልጅ ልጄ እሰጣታለሁ፤ ቃል ገብቼላታለሁ። መዳፏ ላይ ሳንከባልልላት እንዴት እንደምትስቅ ብታዪ!"

የልጅቱ ፊት ተለዋወጠ። "አጎቴ፣ በእግዜር፣ ክዳኑን እንዳይነኩት" አለች።

ቤቱ ጸጥ አለ። ጸጉር ቆራጭ ደግሞ ጸጥታ አይወድም። ሽማግሌውን ያገዘ መስሎት፣ "አለቃማ በሽታ አያውቃቸውም!" አለ። "ዘመናቸውን ሁሉ ጢማቸውን ራሳቸው ነበር የሚላጩት። ከሦስት ወር ወዲህ እጃቸው እየተንቀጠቀጠ ምላጭ አልያዝ ስላላቸው እንጂ እኔ ጋ መቼ ይመጡ ነበር?"

ሁላችንም እጃቸውን አየን። ብልቃጡን አጥብቀው ይዘውታል፤ ባዚቃው ግን ውስጡ መርጋት አቅቶት ይርገፈገፋል።

"እርጅና ነው" አሉ አለቃ፤ ድምፃቸው ቀንሷል።

"ሊሆን ይችላል" አለች ልጅቱ። "እኔ ሐኪም አይደለሁም። ሐኪም ይይዎት።"

አለቃ ብልቃጡን ትክ ብለው አዩት። "የእኔስ እርጅና ይሁን" አሉ። "እሷ ግን ስድስት ዓመቷ ነው።"

ከዚያ በኋላ ክርክር የሚባል ነገር አልነበረም። ልጅቱ ከጸጉር ቆራጩ ክዳኑ ግጥም የሚል ጣሳ ለምና ብልቃጡን በጥጥ ጠቅልላ ከተተችበት፤ ግምጃ ቤቱ ውስጥ ለዚህ የተዘጋጀ ሳጥን አለና ወደዚያ ልትወስደው። አለቃ ጢማቸውን ሳይላጩ ተነሡ። ሕፃኗን ይዘው በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ሄዱ። እኔም ፍርድ እንድሰጥ መጠራቴን ያስታወሰ አልነበረም።

ሕፃኗ ደኅና ሆና ተገኘች። የአለቃ ሰውነት ውስጥ ግን ባዚቃው ገብቶ ነበር። ሐኪሙ ከመርዙ ከራቁ ቀስ በቀስ እንደሚሻላቸው ነገራቸው።

ሰኞ ዕለት አለቃ በርሜሉን ራሳቸው ዘጉት። ስለ አምስቱ ጋሪም መላ ያመጡት እሳቸው ናቸው። "አዲሱ አምፖል የመጣበት ካርቶን ባዶውን ይመለስ የለ? አሮጌው ሳይሰበር እሱ ውስጥ ይግባ" አሉ። ልጅቱ ከመጽሐፍ ያላገኘችውን ከአጎቷ አገኘች። በቀሩት ቀኖች ሁለቱ ተያይዘው ቤት ለቤት እየዞሩ ጠየቁ፤ ክፍት ጉድጓዱ ሁሉ ታጠረ፤ ሠራተኛው ጓንትና መተንፈሻ መሸፈኛ አጠለቀ፤ ቅሬታ ያለው ሰው ለማን እንደሚናገር ታወቀ።

በዚህ ሁሉ ሥራው ዘጠኝ ቀን ዘገየ። መንገዱ ሲበራ አለቃ ጡረታ ወጥተው ስለነበር ማብሪያውን የጫነው ሌላ እጅ ነው። ግን የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኛ ሰፈር ፈስሶ የሚለቀም ነገር አልኖረም። ጫማ ሰፊው ከቦታው አልተነቀለም፣ በሽተኛዋ ትተኛለች፣ ወንዙ መርዝ አልጠጣም፣ ሴቶቹም ከቧንቧው ጀርባ ሲያልፉ ማንንም አይጣሩም። ዘጠኝ ቀን ለዚህ በዝቷል የሚል ካለ ይምጣና ይከራከረኝ።

ከአምስት ወር በኋላ አለቃን እዚያች መታጠፊያ ላይ የልጅ ልጃቸውን እጅ ይዘው አገኘኋቸው። ጢማቸው ጥርት ብሎ ተላጭቷል፤ አገጫቸው ላይ ግን ትንሽ ቁራጭ ወረቀት ተለጥፋለች።

"ጸጉር ቆራጩ ቆረጠዎት እንዴ?" ስል ጠየቅኋቸው።

"ኧረ!" አሉ፣ አገጫቸውን ቀና አድርገው ወደ መብራቱ እያሳዩኝ። "በገዛ እጄ ነው!"