ለሲስተር ለቅሶ የደረሱ ሴቶች

ከላሊበላ ወደ ብልባላ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ አንዲት ነርስና አንዲት እናት ከፊቴ ተቀምጠው ነበር። እናትየዋ ድንገት አወቋት።

«ሲስተር! እኛ ጤና ጣቢያ የነበርሽው አይደለሽም?»

«ነኝ፣ እማማ። አሁን ከተማ ሆስፒታል ነው የምሠራው። ብልባላ ናፍቃኝ መጣሁ።»

«ሥራው እንዴት ነው?»

«መሣሪያው ከዚህ ይሻላል። ግን ባለፈው ሳምንት አንዲት ወላድ እጄ ላይ አረፈች። እጄን ታጠብኩና ወደሚቀጥለው አልጋ ሄድኩ።»

«የሚያጽናናሽ ሰው ጠፋ?»

«ሁሉም ሥራ ላይ ነው። ያኔ እዚህ ያቺ ልጅ በምጥ ስትሞትብኝ ትዝ ይልዎታል? ይረግሙኛል ብዬ በሬን ዘግቼ ተቀመጥኩ።»

«ምን ብለን እንረግምሻለን? ስትለፊ አይተንሽ የለ?»

«ነጠላችሁን አዘቅዝቃችሁ መጣችሁ። የሟቿ እናት እንኳ ከእናንተ ጋር መጡ። ‹አንቺም ሐዘንተኛ ነሽ› ብለው ንፍሮ አጎረሱኝ። ያን ቀን ባትመጡ ኖሮ ሥራውን ትቼው ነበር።»

«የልጅቷ እናት አሉ እኮ! ደክመዋል እንጂ አሉ። ከከተማ ሰው በመጣ ቁጥር ‹ያቺ ሲስተር ደህና ናት?› ይላሉ።»

«እውነትዎን ነው?»

«ማርያምን! ዛሬ እሳቸው ቤት ነው የምታድሪው። ሴቶቹን እጠራቸዋለሁ። ለዚህችኛዋ ወላድም አብረንሽ እናልቅስላት።»

ነርሷ ራሷን እናትየዋ ትከሻ ላይ ጣል አደረገች።

የምወርድበት መንደር ደርሶ ነበር፤ «ወራጅ አለ» ብዬ ላውካቸው ስላልፈለግሁ ግን አለፍኩት።