ከአሥራ ስድስት በታች አይቀጠልም

ክቡራትና ክቡራን፣

በድላችሁኛል። እኔ ዓይኔን ለመታከም ሐኪም ቤት በተኛሁበት ቀን፣ የአሥራ ሦስት ዓመት የልጅ ልጄን በገዛ ወንበሬ ላይ አስቀምጣችሁ ጥፍር ቀጥላችሁላታል። ይህን ያስቀደምኩት ኬኩ ሲመጣ እንዳይረሳኝ ብዬ ነው። አሁን ወደ ምስጋናው።

ይህን ግብዣ ላሰናዳችሁልኝ ሁሉ አመሰግናለሁ። ክቡራትና ክቡራን ያልኩት ለወጉ ነው እንጂ እዚህ ያለነው ወንዶች ሁለት ብቻ ነን፤ አንዱ እኔ፣ ሌላው የጣሪያውን መብራት ሊጠግን መጥቶ ኬክ ሲያይ የቀረው ኤሌክትሪሻን። እሱንም አመሰግናለሁ። መብራቱ ግን አሁንም ብልጭ ድርግም ይላል።

አለቃችን ባለፈው ሳምንት፣ "ጋሼ፣ ምናለ አንድ ዓመት እንኳ ቢቀጥሉ?" አለችኝ።

"ደንቡን ታውቂያለሽ" አልኳት፤ "ከአሥራ ስድስት በታች አይቀጠልም። ከሰባ በላይም አይቀጠልም።"

ሳቀች። ደስ አለኝ፤ ስለዚያ ደንብ ስናወራ ሁለታችንም ከሳቅን ብዙ ጊዜ ሆኖናል።

አዲስ የገባችሁ ላታውቁት ትችላላችሁ፤ እኔ ወደዚህ የውበት ሳሎን የመጣሁት ጥፍር ልሠራ አልነበረም። የቤት ዕቃ አዳሽ ነበርኩ። ከሃያ ስድስት ዓመት በፊት የዚህን ቤት ወንበሮች ላድስ መጥቼ፣ ተንበርክኬ እግራቸውን ስሞርድ፣ አጠገቤ አንዲት ወጣት ሠራተኛ የደንበኛዋን ጥፍር ወዲያና ወዲህ እንደ መጋዝ ስትፈገፍገው አየሁ። አላስቻለኝም።

"ልጄ፣ እንጨት እንኳን እንዲህ አይሞረድም" አልኳት።

"እንግዲያው ይሞክሩታ!" ብላ ሞረዷን ወረወረችልኝ።

ይኸው እስከ ዛሬ እየሞከርኩ ነው። ያቺ ወጣት ዛሬ አለቃችን ናት። አሁንም ስትቸኩል እንደ መጋዝ ነው የምትሞርደው።

አስተማሪ አልነበረኝም። የየጠርሙሱን ደቃቅ ጽሑፍ መዝገበ ቃላት ይዤ፣ ቃል በቃል እየፈታሁ አነበብኩ። እናንተ ደቃቁን ጽሑፍ ታነባላችሁ? አታነቡም። የቅጥያው ፈሳሽ ቆዳ እንዳይነካ ይላል። የአንዳንድ ሰው ቆዳ አንዴ በዚያ ነገር ከተቆጣ ዕድሜ ልኩን አይታረቅም። ልክ እንደ እኔ።

ከዚያ ንባብ በኋላ ነው በካርቶን ላይ በቀይ የጥፍር ቀለም ጽፌ ከመስታወቱ በላይ የሰቀልኩት፤ ከአሥራ ስድስት ዓመት በታች ጥፍር አንቀጥልም። ማንም አላዘዘኝም። ማንንም አላማከርኩም። የልጅ ጥፍር ስስ ነው። ቅጥያው እንዲይዝ ደግሞ ላዩን መሞረድ አለብን። ስሱን ሞርደን ምን ልናስቀር ነው?

"ለምን አሥራ ስድስት? ለምን አሥራ አምስት ተኩል አይሆንም?" ያላችሁኝ ነበራችሁ። አንዲት ልጅም ይህንኑ ጠይቃኛለች።

"ልደትሽ መቼ ነው?" አልኳት።

"የዛሬ ሦስት ሳምንት።"

"እንግዲያው የዛሬ ሦስት ሳምንት ነይ።"

በልደቷ ቀን የብረት መዝጊያውን ሳናነሣ በር ላይ ቆማ አገኘኋት፤ መታወቂያ ይዛ። ሠራሁላት። የዚያን ዕለት ጥፍር የመሰለ ጥፍር በዚህ ቤት አልተሠራም። ደንብ ደንብ ነው፤ ቀኑ ሲደርስም ደርሷል።

አለቃችን ግን ሁልጊዜ የምታነሣው አንድ ክርክር ነበራት። "ጋሼ፣ እኛ እንቢ ስንል ከመንገዱ ማዶ ሄደው ያሠራሉ። እዚያ ሞረዱ እንኳ አይታጠብም። እኛ ብንሠራላቸው አይሻልም?" ትለኛለች።

"አይሻልም" እላታለሁ።

ለዓመታት የሰጠሁት መልስ ይኸው ነው። አጭር ስለሆነ ጥሩ መልስ ይመስለኝ ነበር።

ስሰናበትም ደንቡ ምን ይሆናል ብዬ ጠየቅኋት። "ከሄዱ በኋላ እናየዋለን" አለችኝ። እናየዋለን በዚህ ቤት ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። የውሃ ማሞቂያው እናየዋለን ከተባለ አራት ዓመቱ ነው። እናም እንቅልፍ የነሣኝ ጡረታው አይደለም፤ ነገ አንዲት የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ በዚያ በር ስትገባ ማን ምን ይላታል የሚለው ነው። ሌላው ሌላ ነው።

እንግዲህ ወደ በደሉ ልመለስ። የልጅ ልጄም ከኋላ ተቀምጣለች፤ እንድናገር ፈቅዳልኛለች። የተስማማነው በሁለት ቁራሽ ኬክ ነው።

ስድስት ወር አልፎታል። ዓይኔ ተሠርቶ ፋሻው ሲፈታ፣ ለዓመታት በእንፋሎት የተሸፈነ መስኮት ሲያይ የኖረ ሰው ድንገት መስኮቱ እንደተወለወለለት ሆንኩ። ቤት ገባሁ፤ ምሳ ቀረበ። በአዲሱ ዓይኔ መጀመሪያ ያየሁት ምን መሰላችሁ? አሥር ረጃጅም ሮዝ ጥፍሮች ዳቦ ሲያነሡ። ከጥፍሮቹ ኋላ የልጅ ልጄ ነበረች።

"ማን ሠራልሽ?" አልኳት።

"የጓደኛዬ እህት።"

"የጓደኛሽ እህት ግራኝ ናት?"

ዳቦውን ሳህኑ ላይ መልሳ አስቀመጠች።

እናንተ ደንበኛው ከበር ሲወጣ ሥራችሁን ትረሱታላችሁ። እኔ የእያንዳንዳችሁን ሞረድ እንደ እጅ ጽሑፍ አነበዋለሁ። ግራኟ የምንላት፣ እዚያ ጥግ አንገቷን ደፍታ የተቀመጠችው ሠራተኛችን፣ በግራ እጇ ስለምትሞርድ ጥፍሯ ሁልጊዜ ትንሽ ወደ ቀኝ ያዘነብላል። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ነግሬያታለሁ። ያን ቀን አሥሩም ጥፍሮች ወደ ቀኝ አዘንብለው ተመለከቱኝ።

የባሰብኝ ደግሞ ሥራው ጥሩ መሆኑ ነው! ከቆዳው አጠገብ የተተወችው ክፍተት እንደ ክር የቀጠነች ነበረች። ያቺን አሠራር ለግራኟ ያስተማርኳት እኔ ነኝ። በገዛ ትምህርቴ ተበደልኩ።

እናቷን፣ ማለትም ልጄን፣ ጠየቅኋት። "አባዬ፣ የፈቃድ ወረቀት ፈርሜ የላክኋት እኔ ነኝ። ያልነገርንህ ሐኪሙ አይናደድ ስላለ ነው" አለችኝ። አሳቢ ቤተሰብ አለኝ።

ከዚያ በኋላ ከግራኟ ጋር አሥራ ዘጠኝ ቀን አልተነጋገርንም። ወንበሮቻችን አንድ ክንድ አይራራቁም። እንግዳ ተቀባይዋን እጠራና፣ "አሴቶኑን እንድታቀብለኝ ንገሪልኝ" እላለሁ። ግራኟ ለእንግዳ ተቀባይዋ ትሰጣለች፤ እሷ ዞራ ለእኔ ትሰጠኛለች። አንድ ቀን መረራትና፣ "ጋሼ፣ እኔ ስልክ ላንሣ ወይስ አሴቶን ላመላልስ?" አለችኝ። "ለእሷም ንገሪልኝ" አልኳት።

ቤትም ያው ነበርኩ። ልጅቷ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ጋዜጣ አነሣለሁ። ጋዜጣው ያለፈው ሳምንት ነው፤ ግድ የለኝም።

በአሥራ ዘጠነኛው ቀን ግራኟ ተነሥታ ፊት ለፊቴ ቆመች። እንግዳ ተቀባይዋን አልጠራችም።

"ጋሼ፣ ከፈለጉ ይምቱኝ" አለች፤ "መጀመሪያ ግን ይህቺን ጣት ይዩልኝ።"

ከኋላዋ፣ እኔን ሸሽታ ወደ እሷ የመጣችው የልጅ ልጄ ቀኝ እጇን በሹራቧ እጅጌ ውስጥ ሸሽጋ ቆማለች። ኳስ ሲጫወቱ ረጅሙ ጥፍር ተቀልብሶ የራሷን ጥፍር እስከ ግማሽ ድረስ ነቅሎታል። ይህ ከሆነ አራት ቀኑ ነው። አራት ቀን ሙሉ ደብቃው፣ የጫማ ማስቲሽ ቀብታ አጣብቃው፣ ጣቷ አብጦ መግል ቋጥሯል።

ልብ በሉልኝ። የተቀጠለ ጥፍር ሳይጎዳ ማንሣት የሚያውቅ ሰው በሚቀጥለው ክፍል ጋዜጣ እያነበበ፣ ልጅቷ ማስቲሽ መረጠች።

"ለምን አልነገርሽኝም?" አልኳት።

"አባባ፣ አታናግረኝም እኮ" አለችኝ።

ክሊኒክ ወሰድኳት። ወረፋ ስንጠብቅ ቀደም ብዬ ልጠይቃት የሚገባኝን ጠየቅኋት፤ ለመሆኑ ለምን አስፈለገሽ?

"ጥፍሬን እበላለሁ" አለች። "ተቆራርጦ ያስጠላል። መልሱን እያወቅሁት ክፍል ውስጥ እጄን አላወጣም፤ ይስቁብኛል። አንተ የሰው ሁሉ ጥፍር ታያለህ። የእኔን አይተኸው ታውቃለህ?"

አላየሁትም ነበር። በዓይኔ አላመካኝም።

አሁን "ጋሼ ተሸነፉ" ብላችሁ የምትጠቃቀሱ አላችሁ፤ አይቻችኋለሁ፤ ተረጋጉ። ደንቡ ልክ ነው። ያቺ ጣት ለደንቡ ነው የመሰከረችው። እኔ ልክ ነበርኩ፣ ዛሬም ልክ ነኝ። ግን አሥራ ዘጠኝ ቀን አፌን ዘግቼ ልክ ስሆን ልጅቷ ጣቷን ይዛ የምትመጣበት ቦታ አጣች። ይህን ለማንም አላመንኩም ነበር። ዛሬ አመንኩ፤ አታስደግሙኝ።

ያለፈው ማክሰኞ ነው። አንዲት ልጅ የትምህርት ቤት ቦርሳዋን እንዳዘለች ገባች። አሥራ ሦስት ብትሆን ነው። ልነሣ ስል ግራኟ ቀደመችኝ። እኔ በመስታወቱ እያየሁ ዝም አልኩ። ዝም ማለት እችልበታለሁ።

"እናቴ ፈቅዳለች" ብላ ልጅቷ ወረቀት ዘረጋች።

ግራኟ ወረቀቱን እስከ መጨረሻው አነበበችው። "እናትሽ ፈቅዳለች፤ ጥፍርሽ ግን ገና አልፈቀደም። ሦስት ዓመት ይፈልጋል።"

"እንግዲያው ማዶ እሄዳለሁ።"

"ትሄጃለሽ። መጀመሪያ ግን ነይ ቁጭ በይ፣ እጅሽን ልየው።"

ልጅቷ በሩን አየች፤ ወንበሩን አየች፤ ተቀመጠች። ግራኟ ጥፍሯን አሳጠረችላት፣ ጫፉን አከበበችላት፣ ዘይት አሸችላት፣ ቀለም የሌለውን ቀለም ቀባቻት። ሞረድ በአንድ አቅጣጫ ብቻ እንደሚሄድ አሳየቻት። ልጅቷ የሒሳብ መምህሯን አርባ ደቂቃ ስታማ ቆየች። ስትወጣ ጣቶቿን እያየች ስለነበር ከመስታወት በሩ ጋር ተጋጨች። ማዶም አልሄደች። በመስኮቱ ተከታትያታለሁ፤ በአዲሱ ዓይኔ።

ሃያ ስድስት ዓመት "አይሆንም" ብያለሁ። "ነይ ቁጭ በይ" ማለት አንድ ቀን አልመጣልኝም። አለቃችን ለዓመታት የጠየቀችኝ ጥያቄ መልሱ ይህ ነበር፤ የመለሰችውም የበደለችኝ ሴት ናት። ምን ይደረጋል!

ስለዚህ አለቃችን፣ እናየዋለን ያልሽው ነገር ታይቷል። ካርቶኑን ብታወርጂው አልከራከርሽም፤ ቀለሙም ተላልጧል። ቃሉ ግን ግራኟ አፍ ውስጥ ገብቷል፤ ከዚያ ማውረድ ከቻልሽ ሞክሪ። ወንበሬንም እሷ ትውሰደው። ሞረዶቼንም። ሁሉም በቀኝ እጅ የተበሉ ናቸው፤ ምናልባት ጥፍሯን ያቃኑላት ይሆናል።

በሉ ልመርቃችሁ። እጃችሁ አይንቀጥቀጥ። ወገባችሁ ወንበሩን ይቻለው። ዓይናችሁ ደቃቁን ጽሑፍ እስከ መጨረሻው ያንብብ። ቆዳችሁ ከሥራችሁ ጋር በሰላም ይኑር። ደንበኞቻችሁ በሰዓታቸው ይምጡ፤ ሲመጡም ቀለሙ ሳይደርቅ ስልክ አያንሡ። ልጆቻችሁ የሚያፍሩበትን እጅ ከሰው ሁሉ በፊት ለእናንተ ያሳዩ። ኤሌክትሪሻናችንም መብራቱን ይጨርስ።

የቀረችኝ አንዲት ነገር ናት። የተነቀለ ጥፍር ከሥሩ ተነሥቶ ጫፍ እስኪደርስ ወራት ይፈጅበታል፤ ይህን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። የልጅ ልጄን እጅ በየቅዳሜው እይዛለሁ፤ አጭር አድርጌ እሞርዳለሁ፤ እሷ ታወራለች። ያቺን የጉዳቱን ምልክት በየሳምንቱ አያታለሁ፤ ከመካከል ወደ ላይ ስትገፋ፣ ስትገፋ። ባለፈው ቅዳሜ ጫፍ ደረሰች። በመቁረጫው ያዝኳትና ቆረጥኳት። መሬት ወደቀች፤ ጠርገን ጣልናት። ከሥሯ የወጣው ጥፍር ሙሉ ነው፤ የራሷ ነው።

ምልክቱ እስኪወጣ ልቆጣ ለራሴ ቃል ገብቼ ነበር፤ ጠብቄዋለሁ። ዛሬ የተናገርኩት የመጨረሻው ነው። ግራኟ ይቅርታ ልትለኝ ብትመጣ ስለ ሌላ ነገር ታዋራኝ። ልጄ ብታነሣው ተነሥቼ እወጣለሁ። ከእናንተም የምትጠይቀኝ ካለች፣ አላውቅም፣ አልሰማሁም፣ አላየሁም። ስለዚያ ጉዳይ ከዚህ ቀን ጀምሮ ከአፌ አንዲት ቃል አትወጣም።