ከሳሎኑ ወለል የታየ ተራራ

ሞንትቤሎ የሚባለውን ሰፈር አልፎ፣ ወደ ኤርፖርት በሚወስደው መንገድ ዳር አንድ ባዶ ሜዳ ነበረ። ታክሲዬን ፓርክ አድርጌ የከሰዓቱን ሰላት የምሰግደው እዚያ ነው። ጨርሼ ፊቴን ወደ ግራ አዙሬ ሳሰላምት፣ ከሩቅ ያለው ተራራ ከነበረዶው ድቅን ይልብኛል። አንዴ አገር ቤት ከርሜ ብመለስ፣ ወላሂ፣ ሜዳው የለም! ቤት በቤት ሆኗል። መስገጃዬን እንደያዝኩ ግራ ገብቶኝ ስዞር አንድ ፈረንጅ ሽማግሌ ከበራቸው ወጥተው "ምን ጠፋብህ?" አሉኝ። "የምሰግድበት ቦታ" አልኳቸው። ከድሮው የመብራት ምሰሶ ጀምሬ በእርምጃ ለካሁና፣ "ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ሳሎንዎ ውስጥ ነው" አልኩ። ይቆጡኛል ስል ሳቁ። "እንግዲያው ግባ!"

መስገጃዬን ሳነጥፍ እሳቸው መስኮቱ ጋ ቆመው፣ "ከካሊፎርኒያ ድረስ የመጣሁት ለተራራው ነበር። ይታያል ብለው ቤቱን ሸጡልኝ፤ የማየው ግን የጎረቤቴን ግድግዳ ነው" አሉ። ሰገድኩ። እንደ ልማዴ ወደ ግራ ሳሰላምት፣ ከጎረቤቱ የበረንዳ ጣሪያ ስር፣ ጣት በምታህል ክፍተት በረዶው ቦግ አለ። ብድግ ስል ጠፋ፤ ቁጭ ስል መጣ። ሱብሃነላህ! ያ ሁሉ ቤት ተሠርቶ ይቺን ማን ተዋት? "ኧረ ይምጡ፣ እዚህ ጋ ዝቅ ይበሉ!" አልኳቸው። ጉልበታቸውን ይዘው እያቃሰቱ አጠገቤ ተንበረከኩ። በጣቴ ወዳሳየኋቸው አቅጣጫ አንገታቸውን ሰገግ አደረጉ። ከዚያ ዓይናቸውን ከክፍተቷ ሳይነቅሉ ኩሽና ላሉት ሚስታቸው ጮኹ፦ "ነይ! ቶሎ ነይና ተንበርከኪ!"